አፏን እስክትፈታ

ጫማ ሰፊው የሚሠሩት በመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ወደ መንገዱ የሚከፈት በርና ከበሩ አጠገብ አንድ መስኮት አለው። ከመስኮቱ ሥር ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አለ፤ በላዩም ወስፌው፣ ጉጠቱ፣ የሰም ቁራጩና የማስቲሽ ጣሳው ሁልጊዜ በየቦታቸው ይቀመጣሉ። ጥገና የሚጠብቁ ጫማዎች በግድግዳው መደርደሪያ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደረደራሉ። ሰውዬው እንደ ሙያ ባልደረቦቻቸው ሁሉ ሶል ሲመቱ ሚስማሮቹን በከንፈራቸው ይይዛሉ። አንዱ እጅ ጫማውን፣ ሌላው መዶሻውን ስለሚይዝ ለሚስማሩ የሚተርፈው አፍ ብቻ ነው። ስለዚህም ሥራ ላይ ሳሉ ያናገራቸው ሰው በአፍንጫ ከሚወጣ «እምም» በቀር መልስ አያገኝም። ደንበኞቻቸው ይህን ለምደውታል። የማዕዘኑ መጋዘን ዘበኛ እንዲያውም «ለእኚህ ሰውዬ ምሥጢር ቢነግሯቸው አይወጣም፤ አፋቸው በሚስማር ተመቷል» እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

በዚህ ክፍል ወለል ላይ አንዲት ሕፃን ታድግ ነበር። የልጃቸው ልጅ ናት። እናቷ በወሊድ ሞታለች፤ አባቷ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ከመሸ የሚገባ ሰው። ከቀብሩ በኋላ በነበሩት ቀናት በአንዱ፣ ሕፃኗ በአሮጊቷ ጭን ላይ ተኝታ ሳለ፣ ሾፌሩ ለአማቶቹ እንዲህ አላቸው፦

«እኔ ብቻዬን ነኝ። ለሞግዚት እንዳልሰጣት፣ የት እንዳመማት መናገር የማትችል ልጅ ባዕድ እጅ ላይ መጣል ይሆንብኛል። አፏን እስክትፈታ እናንተ ዘንድ ትቆይልኝ። አፏን ከፈታች በኋላ ግን ልጄን እወስዳለሁ።»

በዚያ ሐዘን መካከል ያቺ እፍኝ የማትሞላ ፍጥረት አንድ ቀን ትናገራለች ብሎ ማሰብ ራሱ ይከብድ ነበር። ሁለቱም አዛውንቶች «ይሁን» አሉ። አሮጊቷ እንዲያውም መረቁት።

ልጅቷ ዳዴ ማለት ስትጀምር ጫማ ሰፊው «ወስፌ» የሚል ስም አወጡላት፤ ያልገባችበት ቀዳዳ፣ ያልነካካችው ዕቃ አልነበረምና። አንድ ቀን የጥቁር ቀለሙን ቆርቆሮ ከፍታ የራሷን ፊትና የአንዲት መምህርት ነጭ ጫማ እኩል ቀባች። ሌላ ቀን ማስቲሽ ፀጉሯ ላይ ደርቆ አሮጊቷ አንዱን ጎን በመቀስ ለመቁረጥ ተገደዱ፤ ልጅቷም ፀጉሩ እስኪመለስ ድረስ በአንድ በኩል ወንድ፣ በአንድ በኩል ሴት መስላ ሰነበተች። ከዘበኛው ቦት ጫማዎች አንደኛውን ከልብስ ማጠቢያው ባልዲ ውስጥ ነክራው ሰውዬው በአንድ እግሩ ረጥቦ፣ በአንድ እግሩ ደርቆ ወደ ሥራው ሄዷል።

«ወስፌ፣ ሌላውንስ ለምን ማርሽው? ለነገ አሳድረሽው ነው?» አላት እየሳቀ።

«ጫ» አለች ልጅቷ፣ እግሩን እያሳየች።

ይህች የመጀመሪያ ቃሏ ነበረች። በመጀመሪያ ጫማ ማለት ነበረች፤ ቀጥሎ እግርም ጫ ሆነ፤ ኋላም በበሩ የሚገባ ሰው ሁሉ ጫ ተባለ። «በቃ» የሚለውን ቃል ያገኘችው ከሾርባ ሳህኗ ነው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን አሮጊቷ «በቃ» ይሏታል። እሷ ግን ቃሉን ከማዕድ ቤት ይዛው ወጣች፦ ደንበኛ ጫማውን ተቀብሎ ሲሄድ «በቃ»፤ መብራት ሲጠፋ «በቃ»፤ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ወፍ ስትነሳ «በቃ»። አሮጊቷ አዲስ ቃል በሰሙ ቁጥር ከጓዳ ሮጠው ይመጡና ልጅቷን አቅፈው ያሽከረክሯታል፤ ባለቤታቸውም ሚስማሩን እንደያዙ በዓይናቸው ይስቃሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ከልጃቸው ሞት በኋላ ሳቅ የተሰማው በዚህ ሰበብ ብቻ ነበር።

ሾፌሩ በዕረፍት ቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ልጁን ያያል። ሁለተኛ ዓመቷ ሲቃረብ አንድ ቀን መጥቶ፣ ልጅቷ በጓዳ ተኝታ ነበርና፣ ከጠረጴዛው ፊት ባለችው የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ ሲያዟዙር ቆየ።

«አባባ፣ እማማ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሙ እኔ ልንገራችሁ ብዬ ነው። አግብቻለሁ።»

አሮጊቷ የያዙትን ፎጣ አጠፉ፤ እንደገና ዘረጉ። «ደግ አደረግህ። ሰው ብቻውን አይኖርም» አሉ።

«ጥሩ ልጅ ናት። ቤት ነው የምትውለው። ለልጅቷም ትንሽ አልጋ ገዝታላታለች፤ ‹መቼ ነው የምታመጣት?› እያለች ፋታ አልሰጠችኝም።» ቀና አለ። «አፏን ፈታች እንዴ?»

«ገና ናት» አሉ አሮጊቷ። ሳያስቡት፣ ሳይሰናዱበት ወጣ። «አንዳንዱ ልጅ ይዘገያል። እናቷም እንዲሁ ነበረች።»

ሾፌሩ ፊቱን ወደ አማቱ መለሰ። ጫማ ሰፊው የአንድ ጫማ ተረከዝ እየመቱ ነበር። አፋቸው ሙሉ ነው። አማቻቸውን አዩት፤ ሚስታቸውን አዩ፤ ከዚያ «እምም» ብለው መዶሻውን አነሡ።

ሾፌሩ ከሄደ በኋላ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ወደ መዳፋቸው ተፉ።

«ለምን ዋሸሽው?»

«ምኑን ዋሸሁ? ጫ፣ በቃ፣ ይሄም አፍ መፍታት ሆኖ ነው? ዶሮም እኮ ድምፅ አላት።»

«ትናንት ‹ጫ የለም› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለቱን አጋጠመቻቸው። አፍ መፍታት ማለት ይኸው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም? እዚሁ ተጎልተህ አልነበረም?»

«አፌ ውስጥ ሚስማር ነበር።»

«ሚስማር ይተፋል!» አሉ አሮጊቷ። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ወዲያው ወደቀ፤ በጓዳ የተኛችው እንዳትነቃ። «ልጄን አፈር ወሰዳት። ይቺን ደግሞ ቃል ይውሰድብኝ?»

ጫማ ሰፊው ሚስማሮቹን ወደ ሣጥናቸው መለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊቷ በልጅቷ ፊት መናገር ተዉ። ቀድሞ ድንች ሲልጡ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ አልጋ ሲያነጥፉ ከልጅቷ ጋር የማያቋርጥ ወሬ ነበራቸው፤ «ይሄ ምንድን ነው? ድንች ነው። ልጣጩንስ የት እናድርገው?» እያሉ። አሁን ድንቹ በዝምታ ይላጣል። ሬዲዮው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወጣ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ደጃፍ ላይ ቆመው ይመልሷታል።

«እትዬ፣ ምን ሆነዋል? ቤት ውስጥ በሽተኛ አለ እንዴ?»

«ራሴን ያመኛል።»

«ለራስ ምታት እኮ ከእኔ ወሬ የተሻለ መድኃኒት የለም!»

«ሌላ ቀን» አሉና በሩን ገርበብ አደረጉት።

ልጅቷ ግን የምትጠይቅበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች። «ይሄ?» ማለትን ከማን እንደተማረችው አይታወቅም፤ ምናልባት ከደንበኛ ይሆናል። ማንኪያ አንሥታ ወደ አሮጊቷ ትመጣለች፤ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ «ይሄ?» ትላለች። አሮጊቷ ማንኪያውን ተቀብለው ያለ ቃል ወደ ቦታው ይመልሱታል። ማበጠሪያ ታመጣለች፦ «ይሄ?» እሱም ከእጇ ይወሰዳል። እንዲህ ስትመላለስ ትቆይና፣ በመጨረሻ ባዶ መዳፏን ዘርግታ «ይሄ?» ትላለች። አንድ ጊዜ አሮጊቷ ይህን አይተው ወደ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ያም ሆኖ አልተናገሩም።

ጫማ ሰፊው ይህን መቋቋም አቃታቸው። ሚስታቸው ወደ ጓሮ ሲወጡ ጠብቀው ሚስማሮቹን ይተፉና ወደ ልጅቷ ጎንበስ ይላሉ፤ የሰው ንብረት የሚነኩ ይመስል በሹክሹክታ «ማንኪያ» ይሏታል። «መዶሻ። ቁልፍ። ሚስማር።» ልጅቷም ቃል ማለት በጆሮ የሚባል ነገር መስሏት በሹክሹክታ ትመልስላቸዋለች፤ «ሚማ»። በዚህ ዓይነት ልጅቷ በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ሕይወት ኖረች፦ በአሮጊቷ ዘንድ ድዳ፣ በሽማግሌው ዘንድ ተናጋሪ። ቃላቱ በዙ። «ና» አለች፤ «እምቢ» አለች፤ «ወደቅኩ» አለች። በእውነትም ብዙ ትወድቅ ነበር።

የዕረፍቱ ቀን ሲደርስ ደግሞ አሮጊቷ ሌላ ዘዴ ነበራቸው። ሾፌሩ ሊመጣ ሲል ለልጅቷ ትልቅ ደረቅ ከረሜላ ጉንጯ ውስጥ ያደርጉላታል፤ ጣታቸውን በከንፈራቸው ላይ አድርገው «አባ ሲመጣ አፍ ይዘጋል፤ እሺ?» ይሏታል። ለልጅቷ ይህ ጨዋታ ሆነ። የአባቷን ድምፅ ስትሰማ ጉንጯ ይነፋል፤ ከንፈሯ ይገጥማል፤ እስኪሄድም አይከፈትም። ሾፌሩ ጭኑ ላይ ያስቀምጣታል።

«አባ በዪ እስቲ። አ-ባ።»

ልጅቷ በዓይኗ አሮጊቷን ትፈልግና ራሷን ትነቀንቃለች።

«እናንተ እኮ በከረሜላ ልትጨርሷት ነው» ይላል እየሳቀ። ሳቁ ግን እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀን ከመሄዱ በፊት ጫማ ሰፊውን ለብቻቸው በር ላይ ጠየቃቸው፦ «አባባ፣ ልጅቷ ጆሮዋ ይሰማል? ሐኪም ላሳያት እንዴ? ማታ ማታ እንቅልፍ እየነሣኝ ነው።»

ጫማ ሰፊው በዚያች ሰዓት አፋቸው ባዶ ነበር። የአማቻቸውን ፊት አዩት፤ ጢሙ ያልተላጨ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከመሪው ጋር ሲታገል የሰነበተ የደከመ ፊት። «ትንሽ ታገሥ» አሉት። ከዚህ የበለጠ ቃል ከአፋቸው አልወጣም።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ ሾፌሩ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ጋራዥ ገብቶበት ሳይጠበቅ መጣ። አሮጊቷ ጓሮ ልብስ እያሰጡ ነበር። ጫማ ሰፊው ከደጃፉ ላይ ቆመው ከዘበኛው ጋር ስለ ቦት ጫማው ይከራከራሉ፤ ዘበኛው «ይሄ ሶል ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ጡረታ አውጡልኝ» ይላል፤ እሳቸው «አንተን ነው ጡረታ ማውጣት» ይሉታል። ሾፌሩ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ በሩቁ ጮክ ብሎ ሰላምታ ሰጠ።

በክፍሉ ውስጥ ብቻዋን የነበረችው ልጅ ድምፁን ሰማች። አባ መጣ፤ አፍ ይዘጋል። ግን ጉንጯ ባዶ ነው፤ ከረሜላውን የሚሰጥ የለም። እሷም አፍ እንዴት እንደሚሞላ ከአያቷ ስታይ ያደገች ናትና ወደ ዝቅተኛው ጠረጴዛ ሄደች፤ ከሚስማሩ ሣጥን በጣቶቿ ዘግና ጉንጯ ውስጥ አደረገች፤ ከንፈሯንም ገጠመች።

ሾፌሩ ሲገባ ልጁ በወለሉ መካከል ቆማ፣ ጉንጯ ተነፍቶ፣ ትጠብቀው ነበር።

«ዛሬም ከረሜላ!» አለና ብድግ አድርጎ ወደ ላይ ወረወራት፤ ተቀበላት። ልጅቷ ስቃ ትንፋሿን ሳበች። ወደ ታች ስትመለስ ሳቋ ተቋረጠ፤ ከከንፈሯ ጥግ ደም ወረደ፤ በሾፌሩ ሸሚዝ ላይም ሚስማሮች ተንጠባጠቡ።

ጩኸቱን ሰምተው አሮጊቷ ከጓሮ፣ ሽማግሌው ከደጃፍ ሮጠው ገቡ። ሾፌሩ ጣቱን በልጅቷ አፍ ውስጥ ከትቶ ሚስማር ያወጣ ነበር። ልጅቷ አለቀሰች፤ አሳላት፤ ከዚያ ዝም አለች። አፏ ውስጥ የቀረ አልነበረም። የገባው ስንት እንደነበረ ግን የሚያውቅ የለም፤ ሣጥኑም አይናገርም።

ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። ሾፌሩ አቅፏት ሮጠ፤ አዛውንቶቹ እየተደነቃቀፉ ተከተሉት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ፊቷ ላይ ድካም ይታያል፤ እጇ ግን የተረጋጋ ነው። የልጅቷን አፍ በመብራት አየች፤ ምላሷ ላይ የተሰነጠቀውን አጸዳች፤ ደረቷን አዳመጠች።

«ከምላሷ ሌላ የማየው ጉዳት የለም። ዋናው ጥያቄ የዋጠችው አለ ወይ ነው። እኛ ዘንድ ራጅ የለም። የትልቁ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ደግሞ ባለሙያው ዕረፍት ስለሆነ ዛሬ ዝግ ነው። የዋጠችው ካለ አሁኑኑ ደውዬ ባለሙያውን ከቤቱ አስጠራዋለሁ፤ አምቡላንስም ይመጣል። ከሌለ ቤታችሁ ገብታችሁ ጠብቋት፤ ነገ ትታያለች። በግምት ግን ሰው ማስነሣት አልችልም።» ዝቅ ብላ የልጅቷን ፊት ተመለከተች። «ትናገራለች?»

«አፏን ገና አልፈታችም» አለ ሾፌሩ። «ችግሩ እኮ እሱ ነው። አትናገርም።»

ሐኪሟ በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲያው…» አለችና ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች።

ጫማ ሰፊው አፋቸውን ከፈቱ። ነገር ግን ከእሳቸው ቀድመው አሮጊቷ ተንቀሳቀሱ። ልጅቷ ወደ ተቀመጠችበት አልጋ ቀርበው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ልጅቷ እሳቸውን የምትጠራው «እማ» ብላ ነው፤ ሌላ እማ አታውቅም።

«የኔ እናት፣ ለእማ ንገሪያት። ሚስማር ዋጥሽ?»

ልጅቷ አባቷን አየችና ከንፈሯን ገጠመች።

ሾፌሩ «አትናገርም እኮ» ሊል ጀምሮ ተወው። አሮጊቷ የልጅቷን ሁለት እጆች ያዙ።

«አባ ቢኖርም ይነገራል» አሉ አሮጊቷ። «አፍ አይዘጋም። ከዛሬ ጀምሮ አይዘጋም። እማ ናት ያለችሽ። ንገሪኝ የኔ ዓለም፤ ሚስማሩ ወዴት ሄደ?»

ልጅቷ ወደ ጆሯቸው ተጠጋች። ሹክሹክታዋ ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ ለሁሉም ተሰማ።

«ሚማ ዋጥኩ።» ትንሿን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እዚህ። እማ፣ እዚህ አመመኝ።»

ሐኪሟ ስልኩን አነሣች።

በትልቁ ሆስፒታል ራጁ ሚስማሩን አሳየ፤ ከጉሮሮዋ በታች በአግድም ተሰንቅሮ ነበር። ልጅቷን አደንዝዘው በመሣሪያ አወጡት። ያወጣው ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ብቅ ብሎ፣ እስከ ነገ ቆይቶ ቢሆን የምግብ ቧንቧዋን ይበሳው እንደነበር ተናገረና ተመልሶ ገባ። ሦስቱ በአግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ከፊታቸው አንዲት ሠራተኛ ወለሉን ትወለውላለች፤ እግራቸውን አነሡላት፤ እሷ ስታልፍ መልሰው አወረዱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ሾፌሩ፣ ወደ ማንም ሳይመለከት።

«ቆየች» አሉ አሮጊቷ።

«ከረሜላው ለዚህ ነበር?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«እኔኮ» አለ ሾፌሩ፣ «ፍቅር መስሎኝ ነበር።»

«ፍቅርም ነበር» አሉ አሮጊቷ።

ጫማ ሰፊው ጣልቃ ገቡ፤ ድምፃቸው ሻክሯል። «ጥፋቱን በእሷ ብቻ አትጣል። ደጃፍ ላይ ስትጠይቀኝ አፌ ባዶ ነበር።»

ሾፌሩ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሊጮህ ይችል ነበር፤ መብቱም ነበር። ግን ጀርባውን እንደሰጣቸው ቀስ ብሎ ተናገረ፦ «ልጄ ድዳ ናት ብዬ ስንት ቀን መሪ ላይ ሆኜ አልቅሻለሁ፤ ተሳፋሪ እንዳያየኝ መስተዋቱን አጣምሜ።» ከዚያ በኋላ በዚያ ቀን አላናገራቸውም። ልጅቷ ከሆስፒታል ስትወጣ ግን ቁስሏ እስኪሽር ወደ አያቶቿ ቤት እንድትመለስ ፈቀደ። «ለመሰነባበቻ» አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

በእነዚያ ቀናት አሮጊቷ ከጠዋት እስከ ማታ ይናገሩ ነበር። ሬዲዮው ከቁም ሣጥኑ አናት ወረደ። ልብስ ሰፊዋ ተጠርታ ገባች፤ ያጠራቀመችውን ወሬ ሁሉ አራገፈች። አሮጊቷ ልጅቷን በየክፍሉ እያዞሩ ያላስተማሯትን የሚያስተምሩ፣ የነጠቁትን የሚመልሱ ይመስሉ ነበር፦ ማንኪያ፣ ማበጠሪያ፣ ትራስ፣ መጋረጃ። «ራበኝ በዪ። ጠማኝ በዪ። በረደኝ በዪ።» ልጅቷ ምላሷ ገና ቢያማትም ሁሉንም ተቀበለች፤ ያውም በሙሉ ድምፅ።

«ፈራሁ በዪ» አሏት አንድ ቀን።

«ፋሁ» አለች ልጅቷ፣ እየሳቀች።

«እንደሱ አይደለም። ፈራሁ። ስትፈሪ የምትዪው ነው።»

«ተያት እንግዲህ» አሉ ጫማ ሰፊው ከጠረጴዛቸው። «ሳታስፈራሪያት በምን ታስተምሪያታለሽ?»

አሮጊቷ ጥቂት አሰቡና ተዉት። እዚህ ቤት ውስጥ የዚያን ቃል ትርጉም የሚያሳያት ነገር እንዳላገኘች ልጅቷን አይተው ተረዱ፤ ይህም ለአፍታ ያህል ደስ አሰኛቸው፤ ቀጥሎ ግን የምትሄድበት ቤት ትዝ አላቸው።

ሾፌሩ ሊወስዳት የመጣው ከሚስቱ ጋር ነበር። ወጣት ናት፤ ሰው ፊት እጇን የት እንደምታስቀምጥ የማታውቅ ዓይነት። ደጃፉ ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ጫማ ሰፊው «ግቢ ልጄ፣ እዚህ ቤት ጫማ እንግዳ አይደለም» አሏት። ፈገግ አለች፤ ወዲያውም ፈገግታው ይገባት እንደሆነ ተጠራጥራ ሰበሰበችው። ሾፌሩ ትንሿን ሻንጣ ይዞ ወጣ፤ ጫማ ሰፊውም ተከተሉት። ሁለቱ ሴቶች ከልጅቷ ጋር ቀሩ።

«እማማ» አለች ወጣቷ፣ «እንዳይቀየሙኝ። ምን ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ካልነገሩኝ አላውቅባትም። ታለቅስብኛለች ብዬ ፈርቻለሁ።»

አሮጊቷ የልጅቷን ሹራብ እየቆለፉ ነበር። እጃቸው ቆመ። ይህች ሴት ክፉ ብትሆን ይቀላቸው ነበር።

«‹ኩ› ካለችሽ ልብሷ ኮስኩሷት ነው፤ ሻካራ ልብስ አትወድም» አሉ በመጨረሻ። «‹አጃ› ካለች እንድታቅፊያት ነው የምትፈልገው። ሁለት እጇን ዘርግታ ነው የምትለው፤ አታጪውም። እንቅልፏ ሲመጣ ደግሞ አትናገርም፤ ጆሮዋን ትይዛለች። ጆሮዋን ስትይዝ አትጠይቂያት፣ አስተኚያት። ወተት ሙቅ አትጠጣም፤ ‹ፉ› ካለችሽ አቀዝቅዢው ማለቷ ነው።»

«ኩ፣ አጃ፣ ፉ» አለች ወጣቷ በቀስታ፣ ትምህርት እንደምትደግም ተማሪ።

አሮጊቷ የቀሩትን ነገሯት። እያንዳንዱን ሲያስረክቡ ፊታቸው እየጠበበ ሄደ፤ አንዱንም ግን አላስቀሩም። ሲጨርሱ ወጣቷ ለመናገር ፈልጋ ከንፈሯን ነከሰች።

«እኔንስ… ምን ብላ ትጥራኝ?»

በውጭ ይዟቸው የመጣው መኪና በር ተከፍቶ ተዘጋ። ጫማ ሰፊውና ሾፌሩ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ አንድ ሁለት ቃል ሲለዋወጡ ይሰማል።

አሮጊቷ ልጅቷን አነሡና ወደ ወጣቷ ክንድ አሻገሯት። የሹራቧን አንገት አስተካከሉላት። ከዚያ በጣታቸው ወጣቷን አሳይተው፣ በተቻላቸው መጠን ግልጽ በሆነ ድምፅ «ይቺ እማ ናት» አሉ። «በያት እስቲ። እማ።»

ልጅቷ ወጣቷን አየች። ከዚያ ዞራ እጇን ወደ አሮጊቷ ዘረጋች። «እማ» አለች፣ አሮጊቷን።

«አይደለሁም» አሉ አሮጊቷ። «እኔ አያት ነኝ። እማ ይቺ ናት።»

ልጅቷ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያየች ቆየች፤ ግንባሯ ተኮማተረ።

«ግድ የለም እማማ» አለች ወጣቷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «አታስቸግሯት። ቀስ ብላ ትለምዳለች።»

አሮጊቷ በሩን ከፈቱላቸው።

«ቀስ ብላ አይደለም» አሉ። «እሷ ቃል የምትይዘው ቶሎ ነው።»